የስንዴ ዋግና የባርኮዱ ሒሳብ

ጊዮርጊስና ፒያሳ ዳቦ የሚገዛ የከተማ ሰው የዳቦው ዋጋና ግራም ያሳስበው ይሆናል እንጂ፣ የስንዴ ዋግ ጉዳይ እምብዛም አይታየውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ግን ከ600 ሺሕ ሔክታር በላይ ስንዴ አጥቅቶ፣ ለፀረ ፈንገስ ኬሚካል ብቻ ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳስወጣ ይታወሳል።

ችግሩ ዋጉ ተለዋዋጭ መሆኑ ነው። በሽታውን ይቋቋም የነበረ የስንዴ ዝርያ አዲስ የዋግ ዓይነት ሲመጣ ይሸነፋል። የመጣው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ናሙና ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ወራት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚትና የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል ሆለታ ላይ የሞከሩት ‹‹ማርፕል›› የተሰኘ ዘዴ ግን ወራቱን ወደ ቀናት አውርዶታል። ዘዴው 242 የተመረጡ የፈንገሱን ጂኖች አባዝቶ፣ ሚንአዮን በተባለ መዳፍ ላይ በሚያርፍ መሣሪያ ያነባል።

የመሣሪያው ማንበቢያ ሴል ውድ በመሆኑ፣ ናሙናዎች በአንድነት ይነበባሉ። በየናሙናው ዲኤንኤ ጫፍ ላይ ባርኮድ የሚባል አጭር መለያ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሁሉም ተቀላቅሎ፣ ወደ መሣሪያው የሚያስገባው አዳፕተር ተጨምሮበት ይነበባል። ኮምፒዩተሩ መለያውን አይቶ የየማሳውን ለየብቻ ይመድባል። ለስሌት ያህል ሴሉ 900 ዶላር ቢሆን፣ ለ24 ናሙና ሲካፈል ድርሻው ከ38 ዶላር በታች ይሆናል፤ ሌላው ኬሚካልና የባለሙያው ድካም ሳይቆጠር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቁጠባው ዋጋ አለው። ናሙና ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ንባብ ይቀንሳል። ባርኮድ ከተደባለቀ የአርሲው ናሙና የጎጃም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ ምንም ዲኤንኤ የሌለበት መቆጣጠሪያ ናሙና አብሮ መግባት አለበት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ 24 እስኪሞላ ሲጠበቅ ገበሬው የሚረጭበት ጊዜ ማለፉ ነው።

በእኔ እምነት መፍትሔው ሁለት ነው። በዋግ ወቅት የምርምር ማዕከላት ናሙና የሚልኩበትን ቀን አስቀድመው ቢስማሙ ቁጥሩ ቶሎ ይሞላል። አዲስ የዋግ ዓይነት ሲጠረጠር ደግሞ አራት ናሙና ብቻ ቢገኝም ሳይጠበቅ እንዲነበብ የሚያዝ ደንብና ለዚህ የተያዘ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። በአንድ ናሙና ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ሲባል የአንድ ወረዳ ስንዴ ቢጠፋ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ገበሬው ነው፤ ከእሱም ቀጥሎ ዳቦ ገዢው።