ሞክሼ

በአዘና የገበያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ «አያሌው!» ብሎ የተጣራ ሰው ከአንድ በላይ ራስ ሲዞር ያያል። ሞክሼዎቹ ተያይተው ይስቃሉ፤ «የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የተፈለገው ይቀርባል፤ የቀሩት ወደ ገበያቸው ይመለሳሉ። ኮምፒውተር ግን «የትኛውን?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት ደረሰኝ የሚያትመው ፕሮግራም ደርቆ ቀረ። ብዘጋው አልዘጋ አለኝ። ከአንድ ወዳጄ የተማርኋት ትእዛዝ ትዝ አለችኝና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ «ታስክኪል» ብዬ ጻፍሁ፤ «ጃቫ» የሚለውን ስም ሰጠሁት፤ በግድ እንዲያቆመው የሚያዝዘውንም ምልክት ጨመርሁበት። የደረቀው ጠፋ። ነገር ግን ስመዘግብበት የቆየሁት ሌላው ፕሮግራምም አብሮ ጠፋ፤ እርሱም በጃቫ የሚሠራ ነበርና በማሽኑ ዘንድ ስሙ ያው «ጃቫ» ነው። ያላስቀመጥሁት ሥራ ሁሉ ሄደ። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው ጉዳያቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ አንዲት እናት «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ። ምንም አላጠፉም። የእርሳቸው ሥራ የተያዘበት ፕሮግራም ሞክሼ ነበረው፤ ይኸው ነው።

በስም ማቆም አዲስ ነገር አይደለም። «ታስክኪል» ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. መጣ፤ «ፒኪል» ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. በሶላሪስ 7 ላይ ታየ። በሊኑክስ «ኪልኦል» የተጠራውን ስም የያዙትን ሂደቶች ሁሉ ያቆማል። ይህችው ቃል በሶላሪስ ግን ስም አትመርጥም፤ የማሽኑ አስተዳዳሪ ከጻፋት የሚሠራውን ሁሉ ታወርዳለች። ትእዛዞቹ ራሳቸው ሞክሼ አላቸው ማለት ነው! «ፒኪል» ደግሞ የስም ቁራጭ ይበቃዋል፤ «አያ» ቢሉት አያሌውንም አያናውንም ይዞ ይሄዳል።

በስም መጥራት ጥቅም የለውም አልልም። የሂደት መለያ ቁጥር ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ስሙ ግን ይጸናል። በዚያ ላይ ገጣሚ ነኝና ቁጥርን ከስም አስበልጬ አልወድም። ይሁን እንጂ አቋሜ ይህ ነው፤ በስም እንፈልግ፣ በቁጥር እንወስን። በሊኑክስ «ፒግሬፕ»፣ በዊንዶውስ «ታስክሊስት» ማንንም ሳይነኩ የሞክሼዎቹን ዝርዝር ከነቁጥራቸው ያሳያሉ። ያን አይቶ የደረቀውን ለይቶ በቁጥሩ ማቆም የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ያችን ግማሽ ደቂቃ ስነፍግ የአንዲትን እናት ግማሽ ቀን ወሰድሁ።

ሁለተኛም ነገር አለ። በሊኑክስ ማቆሚያው ከአንድ በላይ ነው። ቁጥር 15 ልመና ነው፤ ፕሮግራሙ ሰምቶ ሥራውን አስቀምጦ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ቁጥር 9 ፍርድ ነው፤ አይሰማም፣ አይመለስም፣ የጀመረውን ለመሰብሰብ ፋታ አይሰጥም። ችኩል ሰው ከ9 ይጀምራል። እኔም ያን ዕለት በዊንዶውስ የጨመርሁት የግድ ምልክት የዚሁ ወንድም ነበር።

ነገሩ ከማሽን ያልፋል። እኛ ከመስኮቱ ጀርባ የምንቀመጥ ሰዎች በየቀኑ በስም እንፈልጋለን። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ የሁለት ሰዎች ስም ከነአባታቸው ሲገጥም ለማሽን አንድ ይመስላሉ። የአንዱ ዕዳ ወይም ክስ በሌላው ላይ እንዳያርፍ የሚጠብቀው ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሲወጣ፣ ፋይዳም ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ሲሰጥ፣ «ሰውን ቁጥር አደረጉት» ብለው ካዘኑት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ እንዲህ አላስብም። ስም ለመጥራት፣ ለማቆላመጥ፣ ለግጥም ይሁን። መዝጋት፣ ማገድ፣ ማቆም ሲመጣ ግን ጣታችን ከመጫኑ በፊት የገበያውን ሰው ጥያቄ እንጠይቅ፤ «የትኛውን ነው?»