ያልተለቀሰ ኀዘን

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ሰሜንን ከአባታቸው ወርሰው ትግሬንም በጦር ደርበው ለብዙ ዘመን የገዙት መስፍን፣ በጃን አሞራ ምድር በደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ከጀርመን አገር የመጡ ባለ እጆች ጭምር እየረዷቸው ባሠሩ ጊዜ፣ አንድ ቀን በዚያው ቅጽር ውስጥ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት እንደሚባሉ ተስፋ አድርገው ነበር። ዳሩ ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ከቋራው ካሣ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ድል ሆኑና፣ ብዙም ቀን ሳይቈይ አቡነ ሰላማ ለውቤ ክብር በተሰናዳው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሣን ቀብተው፣ ቴዎድሮስ ብለው፣ ዘውድ ጫኑላቸው።

ይህ ታሪክ በአገራችን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የተሸናፊው ትምክህት መና መቅረቱ ነው። እኔ ግን ነገሩን ባሰላሰልሁት ቍጥር ልቤ የሚያርፈው በተሸነፉት ላይ ሳይሆን ባሸነፉት ላይ ነው፤ ውቤ ያጡት ዘውድን ሲሆን፣ ቴዎድሮስ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በውስጣቸው ሲመረቅዝ የኖረውን ቍስል ሳይፈወስ ይዘውት ወደ ዙፋን ወጥተዋልና።

ካሣ አባታቸውን ገና በልጅነት ያጡ ነበሩ፤ እናታቸውም ከችግር የተነሣ ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ በመኳንንቱ አፍ ሲነቀፉ ኖሩ። ኮሶ እንግዲህ በሰሜን ተዳፋት ላይ ቅጠሉን አንዠርጎ፣ ቀይ አበባውን ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚታይ የደጋ ዛፍ ነው፤ አበባው ደርቆና ተወቅጦ ሲጠጣ በሆድ ውስጥ የተሸሸገውን የኮሶ ትል ስለሚያስወጣ፣ አባቶቻችን መራራነቱን እየተጸየፉም ቢሆን በየጊዜው ይጠጡት ነበር። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ በዘመተ ጊዜ፣ ካሣ ድል አድርገው ከማረኩት በኋላ ያንኑ ኮሶ እንዳጠጡት ይተረካል። አድማጩ በዚህ ይስቃል። እኔ ግን በዚህ ትረካ ውስጥ የሚታየኝ፣ ጠላቱን ረትቶ፣ ሰይፉን ወደ አፎቱ መልሶ፣ ስድቧን ግን ከልቡ ሊያወጣት ያልቻለ አንድ ወጣት ነው። ስድብ በድል የሚሽር ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በሻረ ነበር።

ከነገሡ በኋላ የደረሰባቸው ኀዘን ደግሞ ተከታታይ ሆነ። የሚወዷቸውና ምክራቸውን የሚሰሟቸው ባለቤታቸው ተዋበች አሊ በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ወዳጃቸው የነበረው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ከጐንደር አጠገብ በንጉሠ ነገሥቱ የሥጋ ዘመድ በጋረድ ክንፉ ሰዎች እጅ ተወግቶ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ እየተባለ በንጉሡ ድንኳን እንደ ወንድም የኖረው ጆን ቤል፣ ጌታውን ለማዳን ከጋረድ ፊት ገብቶ ወደቀ። ሦስት የቅርብ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ። በዚህ ጊዜ አንድ ተራ ገበሬ ቢሆኑ ኖሮ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይጣላል፣ አልቃሿ ሙሾዋን ታወርዳለች፣ ሰውዬውም እንባውን አፍስሶ፣ በአርባውና በሙት ዓመቱ ዝክሩን አውጥቶ፣ ቀስ በቀስ ወደ እርሻው ይመለሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ኀዘናቸውን ሊያወጡ የቻሉት በአንድ መንገድ ብቻ ሆነና፣ የጋረድን ጭፍሮች፣ የዘመኑ ጸሐፊዎች በሺህ የሚቈጥሯቸውን ምርኮኞች፣ እዚሁ በደባርቅ ምድር አስፈጇቸው።

ዛሬ ደባርቅ ገበያና ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ብዙ እንግዳ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ በዚያ ቀን የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ ምልክት በጎዳናዋ ላይ አላየሁም። የከተማዋ ልጆች ግን ይህን ታሪክ ሊያውቁት ይገባል እላለሁ። ቴዎድሮስን እንዲኰንኑበት አይደለም፤ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ የባሪያ ንግድን ሊከለክሉ የጣሩ ታላቅ ንጉሥ መሆናቸውን ማንም አይክድም። የሞተን ሰው ከመቃብር ጠርቶ የበሽታ ስም መለጠፍም የሐኪም ወግ አይደለም። ነገር ግን ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ መልስ ስላጣ ያደረባቸው ቁጣ ከዚያ ወዲያ በቆንስሉ ካሜሮንና በሌሎች አውሮፓውያን እስራት በኩል አልፎ እስከ መቅደላ፣ እስከ ሞቱበት እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ድረስ እንዴት እንደ ሄደ የሚከታተል ሰው፣ ያልታወቀ ቍስል ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሁሉ እንደሚያቃጥል ይረዳል።

ቍስሉ እንዳይታወቅ የሚሸፍነው ምንድን ነው? በቋንቋችን ትዕቢት፣ ትምክህት፣ እብሪት፣ ግብዝነት፣ ውዳሴ ከንቱ የሚባሉ ቃላት አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም እያንዳንዱን ከሌላው ለይተው ያስተምራሉ። ለእኛ ለሰሜን ሰዎች ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረን የትሕትናን ልብስ የለበሰው ይሉኝታ ነው። ትዕቢተኛ «ከእኔ የሚበልጥ የለም» ይላል፤ ባለ ይሉኝታ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» ይላል፤ አንዱ ራሱን ከፍ አድርጎ ሌላው ዝቅ አድርጎ የሚያይ ይመስላል እንጂ፣ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ራሳቸው ነው። ይሉኝታ ጨዋነትን ስለሚያስተምር ጨርሶ ይጥፋ አልልም። እንባን፣ ፍርሃትንና እንቅልፍ ማጣትን እንደ ነውር አስቈጥሮ ሲያስደብቅ ግን ከትዕቢት የሚሻልበት ነገር የለውም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼው አይደለም። አባቴ ባረፈ ጊዜ እኔ የበኵር ልጅ ነኝና፣ በቀብሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ ለቀስተኛውን ስቀበል፣ እናቴንና እኅቶቼን ስደግፍ፣ አንዲት የእንባ ጠብታ ከዓይኔ ሳልጥል ዋልሁ፤ ሰውም ሁሉ «ወንድ ነው» ብሎ አመሰገነኝ። ያ ምስጋና ጐዳኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል በጥቂቱም በብዙውም የምቈጣ፣ ልጆቼ ድምፄን ሲሰሙ ከቤት የሚወጡ፣ ባልንጀሮቼ በስብሰባ ላይ አስተያየት ለመስጠት የሚፈሩኝ ሰው ሆንሁ፤ እኔ ግን ሰው ሁሉ ክብሬን የነካ፣ ዓለም በሙሉ የተነሣብኝ መስሎ ይታየኝ ነበር እንጂ፣ በራሴ ላይ ያለውን አላየሁም። አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ የሰዎችን በደል ቈጥሬ ስጨርስ፣ ሽማግሌው ዝም ብለው ቆይተው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ አባትህን አልቅሰኸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ከደባርቅ ተነሥቼ ወደ ቡይት ራስ ወጣሁ፤ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ገደሉ አፉን ከፍቶ ቆላውን ከሚያሳይበት ዳር ተቀመጥሁ። የጭላዳ መንጋ ሣሩን በጣቱ እየነጨ በዙሪያዬ ነበረ። ስለ ጭላዳ የሚያጠኑ ሊቃውንት የጻፉትን አስቀድሜ አንብቤ ነበርና፣ አንድ ጐፈሩ የሳሳ አሮጌ ወንድ ከግልገሎች ጋር ተቀምጦ ባየሁ ጊዜ፣ ምናልባት አለቅነቱን በጐልማሳ የተነጠቀ ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ በጭላዳ ዘንድ የተሸነፈው አለቃ ከቤተሰቡ ሳይለይ፣ ያለ ሥልጣን፣ ግልገሎቹን እየጠበቀ መኖሩ የተለመደ ነውና። ከእንስሳ ትምህርት መቀበል ነውር አይደለም። ተሸንፎ መኖር፣ ዝቅ ብሎ መኖር፣ ከልጆች አጠገብ መኖር እንደሚቻል ያን ቀን ገባኝና፣ ማንም በሌለበት በዚያ የገደል አፋፍ ላይ አባቴን አለቀስሁት። በአንድ ቀን ዳንሁ አልልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጣ ሲነሣብኝ «ይህ የምን ኀዘን ነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም መልስ አገኛለሁ።

የእኔ ነገር ትንሽ ነው። በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው እልቂት፣ ከየቦታው ተፈናቅሎ በደባርቅ በድንኳን የኖረው ሕዝብ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰውና ያልተመለሰው ወጣት፣ በዚህ አገር ቤት ለቤት ያስቀመጠውን ሸክም ስናስብ፣ አንድ መቶ ስድሳ ዓመት ያለፈው የደባርቅ ታሪክ የትናንት ይሆንብናል። ወንድሙ የተገደለበት ሰው በልቅሶው መካከል ፉከራና ቀረርቶ ሲሰማ፣ «ደም ያልመለሰ» ተብሎ በዘፈን ሲወጋ፣ የልቡ ሐዘን ሳይታጠብ ወደ ጠመንጃው ይሄዳል፤ ከገደለም በኋላ ሐዘኑ እንዳለ ይቆየዋል፣ በላዩም ሌላ ደም ይጨመርበታል። ስለዚህ ደም አድራቂ ሽማግሌዎቻችን ወደ ተበዳዩ ቤት ሲሄዱ የሚሠሩት ሥራ ከፍርድ ቤት ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጐንበስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው «በድያለሁ» ሲል፣ ተበዳዩም እያለቀሰ ድንጋዩን ሲያወርድለት፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ትምክህታቸውን ከመሬት ያስቀምጣሉ። ይህ ሥርዐት ዛሬ የካሣ ገንዘብ መከራከሪያ ብቻ እየሆነ ሲሄድ ማየት ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ድንጋዩ ግን ከልብ አይወርድም።

ኀዘንንና ጭንቀትን መደበቅ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከሴቶችም ይልቅ በዚህ መንገድ የሚሞቱት ወንዶች እጥፍ ያህል ናቸው። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ ነገር ግን «ተቸገርሁ» ማለትን እንደ ሽንፈት የሚቈጥር ወንድ ከሐኪምም ከወዳጅም ርቆ እንደሚቀር በመንደራችን ያየነው ነገር ነው። ጐንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ቤት ለቤት እየዞረ ልደትንና ሞትን ይመዘግባል፤ የሟቹንም ቤተሰብ ሰውየው በምን እንደ ሞተ ይጠይቃል። ሰው በሕይወት ሳለ «እንዴት አድረሃል?» ተብሎ ከልብ ቢጠየቅ ኖሮ ከዚያ መዝገብ ዘግይቶ የሚገባ ስንቱ እንደሆነ እያሰብሁ እተክዛለሁ።

እነዚሁ የሰሜን ተራሮች ሌላም ሰው አይተዋል። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በካህኑ እግር ላይ ተክሎ፣ ሁለቱም ሕመሙን ሳያውቁት እንደ ቆዩ፣ ከዚያም ንጉሡ የምትሻውን ለምነኝ ቢለው ያሬድ የለመነው ሹመትን ሳይሆን ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ በጽሙና መኖርን እንደ ሆነ፣ መጥቶም በሰሜን ተራራ እንደ ተሰወረ አበው ይተርካሉ። በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችውን ትል አይቶ የተመለሰው ይኸው ያሬድ ነው። ድካሙን በልጅነቱ ያወቀ ሰው፣ ምስጋናው ከጫፍ በደረሰበት ቀን ምስጋናውን ትቶ መሄድ አላስቸገረውም። አርምሞ ማለት የመነኮሳት ብቻ መስሎን ለዋልድባ ትተንለት እንጂ፣ ሰው በቀን ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ልቡን ቢመረምር፣ ዛሬ ማንን ቈጣሁ፣ ለምን ቈጣሁ፣ ከቁጣዬ በፊት ምን ተሰማኝ ብሎ ቢጠይቅ፣ ለገበሬውም ለነጋዴውም ለተማሪውም የሚሆን ነገር ነው። መራራ መሆኑን አልሸሽግም፤ ኮሶም መራራ ነበር።

እንግዲህ የደባርቅና የዳባት የንስሐ አባቶችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የንስሐ ልጃችሁ ስለ ሰው በደል ሲነግራችሁ፣ የእኔ የንስሐ አባት እንደ ጠየቁኝ፣ የሞተበትን ሰው አልቅሶት እንደ ሆነ ጠይቁት። በቀብር ላይ ያላለቀሰውን ጐልማሳ «ወንድ ነው» ብላችሁ አታመስግኑት። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ ስለ ሞት የሚናገር ሰው ካያችሁ ግን፣ ጸሎቱና ጠበሉ ሳይቀርበት፣ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም አድርሱት፤ ደባርቅ ሆስፒታል አላት፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። አብራችሁት ሂዱ፤ ብቻውን አትላኩት።