ለዜሮ አምላኪዎች የተሰጠ መልስ

ከከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮኖች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? የሚለው ክርክር በመካከላችን ከተነሣ ሰነባብቷል። ክርክሩን አንጠላውም፤ የምንጠላው የሚዘጋበትን መንገድ ነው። አንዱ ወንድማችን ብድግ ይልና «ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፏል፤ ሽንፈቱ ዜሮ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ይህን ብሎም ፍርድ እንደ ሰጠ ዳኛ ይቀመጣል። እኛ ግን ይግባኝ አለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማርሲያኖን ለማንቋሸሽ አልተነሣንም። ክንዱ አጭር፣ ልቡ ግን የማይበገር ሰው ነበር። በ1952 ፊላዴልፊያ ላይ ጀርሲ ጆ ዎልኮት በመጀመሪያው ዙር ጥሎት፣ በነጥብም ሲመራው ቆይቶ፣ በ13ኛው ዙር በአንድ የቀኝ እጅ ቡጢ ዘርሮት ዘውዱን ወሰደ። ይህን የካደ ቦክስ አያውቅም። ነገር ግን እስቲ 49ኙን እየፈታን እንያቸው። ዎልኮት በዚያ ቀን ዕድሜው 38 ነበር። በ1955 የመጨረሻው ተጋጣሚ የሆነው አርቺ ሙርም ከዚያ አያንስም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የ1951ዱ ነው፤ በ8ኛው ዙር በገመዱ መካከል አልፎ የወደቀው የ37 ዓመት ሰው ጆ ሉዊስ ነበር።

ሉዊስ በዚያ ዕድሜው እዚያ ምን ይሠራ ነበር? በ1942 ሻምፒዮን ሳለ ከሁለት ግጥሚያዎች ያገኘውን ገንዘብ ለአሜሪካ ባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊቱ መረዳጃ ሰጠ፤ ራሱም ወታደር ሆኖ ዘመተ። በኋላ የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለሰጠው ገንዘብ ሳይቀር ግብር ጠየቀው። በ1949 ዘውዱን እንደ ጫነ ተሰናብቶ የነበረው ሰው፣ ዕዳው እያደር ሲከብድበት በ1950 ተመልሶ ጓንቱን አጠለቀ። ስለዚህ ከ49ኙ ድሎች አንዱ የግብር ዕዳ ያመጣው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ዜሮ ሌላም ጉድ አለው። ጄምስ ጄፍሪስ በ1905 ሳይሸነፍ ከቦክስ ተሰናበተ። ሻምፒዮን ሳለ ግን ከጥቁር ሰው ጋር ለዘውዱ አልጋጠምም ብሎ ጃክ ጆንሰንን ደጅ አስጠንቶታል። ጆንሰን በ1908 ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ ዘውዱን ሲጭን፣ የነጭ ዘር ክብር ተደፈረ ባዮች ጄፍሪስን ከእርሻው ጎትተው አወጡት፤ ጁላይ 4 ቀን 1910 ሬኖ ከተማ ላይ በ15ኛው ዙር ተሸነፈ። እርሻው ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዜሮው እስከ ዛሬ ሳይነካ በቆየ፣ ወንድሞቻችንም በማሉበት ነበር! ጆንሰንም ቢሆን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ሳም ላንግፎርድን ከመግጠም ሸሽቷል፤ ጥቁር ስለሆነ አንምረውም። ጃክ ዴምፕሲ ከ1919 እስከ 1926 ሲነግሥ ሃሪ ዊልስን ሳይገጥም ወረደ።

ጆንሰን በ1915 ከወደቀ በኋላ 22 ዓመት ሙሉ የዘውዱ በር ለጥቁር ሰው ተዘግቶ ቆየ። በ1937 ጂም ብራዶክን ዘርሮ የገባው ሉዊስ ነው። ከዚያ በፊት በጁን 1935 የሆነውን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንረሳው አይገባም። ሙሶሊኒ ጦሩን በድንበራችን እያከማቸ ሳለ፣ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ሉዊስ ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመ። ካርኔራ በ1933 ሮም ላይ ሙሶሊኒ ራሱ እያየው ዘውዱን ያስጠበቀ፣ ፋሺስቶች የሚመኩበት ግዙፍ ነበር። የሃርለም ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጠብ አድርገው አዩት፤ ካርኔራ በ6ኛው ዙር ሲሸነፍም በየመንገዱ ጨፈሩ። ከሦስት ወር በኋላ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የቦክስ ድል ወረራ አያስቀርም፤ ይህን እናውቃለን። ቢሆንም ያን ጊዜ ከእኛ ጋር የተሰለፈ ብዙ አልነበረም።

«ሉዊስ ዘውዱን 25 ጊዜ ያስጠበቀው ከደካሞች ጋር ነው» የሚሉን አሉ። በከፊል እውነት ነው። ከዲሴምበር 1940 እስከ ጁን 1941 ሰባት ጊዜ ሲጋጠም ጋዜጠኞቹ «በየወሩ አንድ ውዳቂ» እያሉ ቀልደዋል። የሰባተኛውን ስም ግን አይጠሩልንም፤ ቢሊ ኮን ነበር፤ እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ መርቶት በ13ኛው የተዘረረው። ደግሞም ሉዊስ ያስቸገረውን ሰው አይሸሽም። ማክስ ሽመሊንግ በ1936 ዘርሮት ነበር፤ በ1938 ያንኑ ሰው ገጥሞ በ124 ሴኮንድ ጨረሰው። ዎልኮት በ1947 ሁለት ጊዜ ጥሎት ዳኞች ለሉዊስ ሲፈርዱ ሕዝቡ ጮኸ፤ በዓመቱ ዎልኮትን እንደገና ገጥሞ በ11ኛው ዙር ዘረረው።

የእኛ ፍርድ ግን ለሙሐመድ አሊ ነው፤ 56 ድልና 5 ሽንፈት ላለው ሰው። በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ ዘውዱን ተቀማ፤ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ያለው ምርጥ ዕድሜው ያለ ግጥሚያ አለፈ። ተመልሶ በ1971 በጆ ፍሬዘር፣ በ1973 በኬን ኖርተን ተሸነፈ፤ ሁለቱንም መልሶ አሸነፋቸው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ የገጠመውን ጆርጅ ፎርማንን ተመልከቱ፤ 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40 ጊዜ ያሸነፈ፣ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ዜሮ የኃያልነት ማረጋገጫ ከሆነ በዚያ ሌሊት ኃያሉ ፎርማን ነበር ማለት ነው፤ የ32 ዓመቱ አሊ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ማርሲያኖ ጉልበቱ ያልደከመ፣ ዕድሜው ያልገፋ እንዲህ ያለ ሻምፒዮን አልገጠመውም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ዘመኑ አላመጣለትም። ያልገጠመውን ግን እንደ ገጠመ አድርገን አንቆጥርለትም።

ለዜሮ አምላኪዎች አንድ ጥያቄ እንተዋለን። ላሪ ሆልምስ እስከ 1985 48 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም፤ በ49ኛው ማይክል ስፒንክስ በነጥብ አሸነፈው። አንድ ድል ቢጨምር ኖሮ ከማርሲያኖ እኩል ታስቀምጡት ነበር። ከዚያ ሌሊት በፊት ካገኛቸው 48 ድሎች በ15 ዙር ውስጥ ስንቱ ከመዝገቡ ተፋቀ? መልሱን በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።