ከካሜራው ጀርባ ያለ እንጀራ

መገናኛ ላይ ከታች ወያላው «አያት! ሲኤምሲ!» እያለ ይጮኻል። ከላይ፣ በየሕንፃው በተከራዩ ጠባብ ክፍሎች፣ ወጣቶች ማዳመጫ ጆሮአቸው ላይ አድርገው የሌላ ሰው ቪዲዮ ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ያመሻሉ። በዩቲዩብ ፊቱ የሚታየው የቻናሉ ባለቤት ነው፤ ድምፁን ያጠራው፣ የሽፋን ምስሉን የሠራው፣ ርዕሱን የጻፈውና ለተመልካች መልስ የሚሰጠው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ የማውቃቸው ጥቂቶች ሙያውን የለመዱት በቤተ ክርስቲያን የሳውንድና የካሜራ አገልግሎት ነው።

በዚሁ ሥራ የተሰማራ ወንድም ባለቤት የሆነች እኅት እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፦ «ባለቤቴ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ እኔ ለሥራ ስወጣ ይተኛል። ወላጆቼ ሥራ አለው ብለው አያምኑም። አብረን ከጸለይን ቆየን። ለመሆኑ ይህ ሥራ ነው ወይ?»

የተወደድሽ እኅት፣ አዎን፣ ሥራ ነው። ኤርምያስ ሲናገር በቀለም የጻፈው ባሮክ ነበር፤ ንጉሡ ክርታሱን ቀድዶ ባቃጠለው ጊዜም እንደገና ተቀምጦ የጻፈው እርሱ ነው (ኤር. 36)። ፋይል ጠፍቶበት ሁሉን እንደ አዲስ የሠራ ኤዲተር ይህን ምዕራፍ ከብዙ ሰባኪዎች ይልቅ ይረዳዋል! የሮሜን መልእክት የጻፈው የጤርጥዮስ ስምም የተጠቀሰው በአንዲት ቁጥር ብቻ ነው (ሮሜ 16፥22)። ለወላጆችሽ ይህን ንገሪያቸው።

ሌሊቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች የሚከፍሉት ዋጋ ተመልካቹ እንዳለበት አገር ይለያያል፤ አሜሪካ ያለ ተመልካች አዲስ አበባ ካለው የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል። ስለዚህ የብዙ አማርኛ ቻናሎች ዓይን እዚያ ባለው ወገናችን ላይ ነው። ዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። ይሁን እንጂ ቪዲዮን በቀን ጭኖ በተፈለገው ሰዓት ራሱ እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል። እንግዲህ ሌሊት የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ አሜሪካ ሳይሆን፣ ቀረጻውን አምሽቶ የሚልከው የቻናሉ ባለቤት ነው። ቀረጻው እስከ ስንት ሰዓት እንዲደርሰው ባለቤትሽ መጠየቅ ይችላል፤ ሊጠይቅም ይገባዋል።

ስለ ክፍያም እንነጋገር። ከረጃጅም ቪዲዮዎች ማስታወቂያ ገቢ ዩቲዩብ ለባለ ቻናሉ 55 ከመቶ ያካፍላል። ወደዚህ ከሚያደርሱት መንገዶች የተለመደው ግን 1,000 ተከታዮችንና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓትን ይጠይቃል። ከዚያም ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ክፍያው የሚወጣው በቀጣዩ የፈረንጆች ወር ከ21ኛው ቀን ወዲህ ነው። «ቻናሉ ሲያድግ እከፍልሃለሁ» የሚል ቃል እንግዲህ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። በየቪዲዮው ስንት ብር፣ እርማት ስንት ጊዜ፣ ክፍያ በየትኛው ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። «ወንድሜ ነው፤ በጌታ እንተማመናለን» የሚለው አነጋገር ብዙ ወንድማማቾችን አቀያይሟል። አገልግሎት ከሆነም አገልግሎት ነው ተብሎ አስቀድሞ ይነገር። የሠራተኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ስለ መክፈል የተሰጠው ትእዛዝ (ዘዳ. 24፥15) መንፈሳዊ ቻናል ያላቸውን ነጻ አያወጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ርዕሱ ነው። ዘማሪት እገሊት «ጉዷ ወጣ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቪዲዮው ውስጥ ግን ጉድ የሚባል ነገር የለም። ኤዲተሩ «የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» ይላል። ስሟ የጠፋው እኅት ግን የጻፈውን ጣት ካዘዘው አፍ አትለይም። እምቢ ማለት ደንበኛ ሊያሳጣ ይችላል፤ ኪራይ ሲደርስ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምን ዓይነት ሥራ እንደማይቀበሉ ባልና ሚስት አስቀድመው ይስማሙ። ያን ቀን ባል ብቻውን እንዳይወስን፣ ሚስትም «ለምን ተውከው?» እንዳትል ይረዳል።

ሌላም አለ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ዩቲዩብን ጨምሮ የተወሰኑ ማኅበራዊ መገናኛዎች በአገራችን ተገድበው ነበር። እንጀራው በአንድ ቻናል ላይ የቆመ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ይጨንቀዋል። ነገር ግን መቁረጥና መቀጠል፣ ድምፅ ማጥራትና ጽሑፍ ማስገባት ከዩቲዩብ ውጭም የሚፈለግ ሙያ ነው፤ ሠርግ፣ የድርጅት ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቀረጻ ሁሉ ኤዲተር ይሻሉ። ባለቤትሽ ቢያንስ ሁለት እንዲህ ያሉ ደንበኞች ይፈልግ፤ የሠራቸውንም ቪዲዮዎች ቅጂ በራሱ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጥ።