ከሰው ግድያ የበሬ ስርቆት ይሻለናል

በሌላው ዓለም ወጣቱ ገንዘቡን ከፍሎ ይቆለፍበታል። ጓደኞቹን ይዞ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ለስልሳ ደቂቃ መሳቢያ ይበረብራል፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ይደምራል፣ ቁልፉን አግኝቶ ከወጣ አሸነፈ። ጨዋታውን ጃፓናዊው ታካኦ ካቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ኪዮቶ ላይ ጀመረው፤ ዛሬ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በእኛዋ ከተማ ይጁቤ ላይ እንዲህ ያለ ክፍል የሚሠራ ባለሀብት ቢገኝ ግን እኔ አትሞክረው እለዋለሁ። እንቆቅልሹን አንዴ የፈታ ደንበኛ አይመለስም፤ የወረዳችን የባሶ ሊበን ወጣት ተራ በተራ ገብቶ ሲጨርስ ክፍሉ የጤፍ መጋዘን ይሆናል። መቆለፉም ቢሆን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ፖላንድ ውስጥ ኮሻሊን በምትባል ከተማ ልደት ሊያከብሩ እንዲህ ያለ ክፍል የገቡ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች እሳት ተነስቶ መውጫ አጥተው አልቀዋል።

ለእኛ ዓይነቱ ከተማ የሚሆነው ሌላው መንገድ ነው፤ በስክሪን የሚጫወቱት የነፍስ ግድያ ምርመራ። አንድ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የፖሊስ መዝገብ፣ የሟች ፎቶ፣ የስልክ መልእክት፣ የምስክሮች ቃል አንድ በአንድ ይከፈታል። ተጫዋቾቹ ተከራክረው አንዱን ተጠርጣሪ ይከሳሉ። ሳም ባርሎው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ኸር ስቶሪ» ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ መርማሪ ፊት ቀርባ የምትናገር አንዲት ሴት የተቀረጸባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ብቻ ናቸው። ቃል እየጻፉ ቪዲዮውን መፈለግ ነው። በሩም መቆለፊያውም ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ባለፈው በዓል የእህቴ ልጆች ከአዲስ አበባ ሲመጡ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይዘው መጡ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ትልቁ ልጅ እየተረጎመ ሌሎቹ ይጠረጥራሉ። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ተመርዞ ሞቷል። ልጆቹ በጽዋው፣ በሰዓቱ፣ በጓንቱ ሲከራከሩ አክስቴ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «አንተ ልጅ፣ የሟች መሬት ለማን ነው የሚደርስ?» አለችው። ልጁ መዝገቡን ቢያገላብጥ ስለ መሬት አንድ መስመር አጣ። «እንግዲያስ ምኑን መረመራችሁት?» ብላ ወደ ጥጧ ተመለሰች። ያ ጨዋታ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ መሆኑን የዚያን ያህል ያሳየኝ ነገር የለም። እንግሊዝኛውን እንኳ ልጁ ተርጉሞልን ነበር።

የእኛ አባቶች ለእንዲህ ያለው ምርመራ እንግዳ አልነበሩም። አውጫጭኝ ነበራቸው፤ ሌላው አገር አፈርሳታ ይለዋል። ከብት ሲጠፋ ወይ ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ሳይታወቅ በቀላሉ መበተን የለም። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ስለነበረ ምስጢሩን የሚቀበሉ የታመኑ ሰዎች ይመረጡ ነበር፤ «ወፍ ነገረኝ» ይባልና የተናጋሪው ስም ይሸፈናል። የሚያጠፋው አንድ ሰው፣ የሚጉላላው አገር ሙሉ ነው፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳው በሁሉም ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልቦለድ ርእሱም «አፈርሳታ» ነው፤ መነሻው የአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል ነው። እንግዲህ መቆለፉም ምርመራውም በአንድ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ቁልፉ ብቻ የለም። ሌባ ሻይን ግን አላነሳም። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የተያዘበትን ሥርዓት ጨዋታ ላይ እንኳ ማየት አልፈልግም።

ከስክሪኑ ጨዋታ አንድ ነገር ግን ይከብደኛል፤ ግድያው። የእንግሊዝ ደራሲ ሽማግሌ ገድሎ ሻይ ሊጠጣ ይችላል። ጎጃም ውስጥ ደም ይመለሳል። ደመኛ የሚባል ሰው በሕይወት አለ፤ ገበያ ይወጣል፤ ሽማግሌ ደም ለማድረቅ ወራት ይመላለሳል። ከተጫዋቾቹ መካከል አባቱ የተገደለበት ልጅ የለም ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም። በክልላችን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሞት ለጨዋታ ከሚሆነው በላይ በርክቷል።

ስለዚህ በእኛ ጨዋታ በሬ ይጥፋልን። አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ በዘር ወቅት ሌሊት ከበረት ይወጣል። ዱካው ወደ ዓባይ ቆላ ይወርድና ድንጋያማው ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ቆዳ ነጋዴው አንድ ነገር ያስታውሳል፤ የባለቤቱ አማች ድንገት ዕዳውን ከፍሏል፤ ቅኔ የተማረው ጎረቤት ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁሉ ሁለት ፍቺ አለው። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ተቋጥረው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በማርና በበቅሎ የተወራረዱበት አገር ለእንዲህ ያለው ሙግት ተዋናይ አያጣም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሌላ የሆቴል መመዝገቢያ ከምትሠሩ ይህን ሥሩት። ባለ አሥር ሺህ ብር ስልክ ላይ ይክፈት፤ በአማርኛ ይናገር። ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን ስለነበር ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የመሬቱንም ነገር እንዳትረሱ፤ አክስቴ ትጠይቃለች።