ሣር የበላ በሬ ዋስትና አይሆንም

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሥጋ ቤቶች፣ ቁርጥ ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ የማይቀር አንድ ፍርድ አለ። የፈረንጅ ከብት በመርፌና በፋብሪካ መኖ ስላደገ ሥጋው ያሰጋል፤ የእኛ በሬ ግን ሜዳ ላይ ሣር ግጦ፣ የወንዝ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ነውና ጥሬውን ቢበላም አይጎዳም ይባላል። የሚያሰጋ ነገር ካለም የሚፈለገው እዚያው ሥጋ ቤቱ ውስጥ ነው፦ ቢላዋው ታጥቧል ወይ? ዝንብ አለ ወይ? የቄራው ማኅተም ተመቷል ወይ? ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የሥጋው ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው ሰንጋው መኪና ላይ ከመጫኑ ከወራት በፊት ነው፤ ወሳኞቹም እነዚያው የምንኮራባቸው ሜዳና ወንዝ ናቸው።

ኮሶን እንመልከት። ሰው ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ ሥጋ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ በሬውስ ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሬው የሚያገኘው ከሰው ነው። ትሉ ጎልምሶ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ከጫፉ እየተበጠሰ ከሰገራ ጋር የሚወጣው እያንዳንዱ ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ሰውየው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ እርጥበት ካገኘ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ዝናብ ሲመጣም ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። በሬው ሣሩን ሲግጥ ወይም ውሃውን ሲጠጣ ይውጠዋል። እንቁላሉ አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈልና በደም ተጉዞ ጡንቻው ላይ ያርፋል። ከ10 ሳምንት ገደማ በኋላ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ በላተኛውን ይጠብቃል። እንግዲህ በሬው «ሜዳ የዋለ ነው» ተብሎ የሚወደስበት ነገር በሽታው የሚገባበት በር ነው ማለት ነው። መጸዳጃ ቤት በሌለበት አገር ልቅ ግጦሽ ከብቱን ከሰው ሰገራ ጋር በየቀኑ ያገናኘዋል። መድኃኒቱም ቢሆን ብቻውን አያድነንም። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍ አበባ ይጠጡ ነበር፤ አበባው ትሉን ከሰውየው ሆድ ያወጣዋል፤ የወጣው ትል ግን እንቁላሉን እንደያዘ ጓሮ ወይም ሜዳ ላይ ይጣላል። ሰውየው ሲሻለው ጥጃው ይያዛል። ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው እንክብልም መጸዳጃ ቤት ከሌለ ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

«ቄራ ይመረምረው የለም ወይ?» ይባላል። ይመረምራል። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን ሲያገለግል የኖረ ተቋም ነው፤ የመርማሪዎቹንም ሙያ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን መርማሪው ምን እንደሚያደርግ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የመንጋጋውን ሥጋ ይሰነጥቃል፤ ምላሱን ይዳብሳል፤ ልብን ይከፍታል፤ ትከሻው ላይ ጥቂት ቦታ ይቆርጣል። ሰንጋውን በሙሉ ቢከታትፈው የሚሸጥ ሥጋ አይተርፍምና ከዚህ ሊያልፍ አይችልም። በከረጢት የተወረረ በሬ በዚህ ይያዛል። ሁለት ሦስት ከረጢት ሽንጡ ውስጥ የደበቀው ግን ማኅተም ተመቶበት ይወጣል። የበዓል ቅርጫ ደግሞ ይህን ያህል እንኳ የሚያየው የለም። አረቄውም ሚጥሚጣውም አይረዱም፤ ከረጢቱ ውስጥ ላለው እጭ አይደርሱበትም። የሚገድለው በደንብ መብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን መቀዝቀዝ ነው። ለቁርጥ የሚፈለገው ሥጋ ግን ትናንት ማታ የታረደው ነው።

«ታዲያ በደንብ እናብስለው» የሚለው መልስ ለኮሶ ይበቃል፤ ለሁሉም ግን አይበቃም። አቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ዝቃጭ ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ከብትም ይጠጣዋል። በዝቃጩ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት በእሳት አይጠፋም። ሐኪም ሳያየው ከገበያ በተገዛ መድኃኒት ተወግቶ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሳይወጣ የተሸጠ በሬም ቢጠበስ ያው ነው። አደጋው የሚገታው ከብቱ በሚያድግበት ቦታ እንደሆነ የፈረንጁ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዝ አገር የታወቀው የእብድ ላም በሽታ የተዛመተው ለከብት በተመገበ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ነበር፤ የበሽታውን መንስኤ ምድጃ አያጠፋውም። የተገታውም መኖው በሕግ ሲታገድ ነው። እኛም ብንሆን በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ከብታችንን የፈጀውን ደስታ በሽታ ያሸነፍነው በየበረቱ በተሰጠ ክትባት ነው፤ ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋግጧል።

ልቅ ግጦሽ ቀርቶ ከብቱ ታስሮ ይቀለብ ሲባል፣ አስሮ መቀለብ የሀብታም ሥራ ነው የሚሉ አሉ። የሐረርጌን ገበሬ ይጠይቁ፤ ያ ስመ ጥር ሰንጋ ደጅ ታስሮ፣ የማሽላ ቅጠልና አገዳ በእጅ እየቀረበለት የሚደልበው በአነስተኛ ማሳ ባለቤት ነው። አባቶቻችን በልተው ምን ሆኑ የሚሉም አሉ፤ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሆነ ራሱ ያውቃል። መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። የግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ሐኪሞችና የጤና ሚኒስቴር ሠራተኞች አንድ ቀበሌ ውስጥ አብረው ይሥሩ፤ ሰው በሚታከምበት ቀን መጸዳጃ ቤቱም ይቆፈር፤ ሰንጋው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ የሚናገር ወረቀት እስከ ሳሪስ ሥጋ ቤት ድረስ ይከተለው፤ ከረጢት የተገኘበት በሬ የመጣበት ቀበሌም ይታወቅ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ ቤት ያስቆፈሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለቁርጥ በላተኛው ደኅንነት ያደረጉት፣ በአገሪቱ ያሉ የቄራ ቢላዋዎች በሙሉ ካደረጉት ይበልጣል።