ባዶ የሚመስለው ሜዳ

ኮሮና አገር ውስጥ በገባ ሰሞን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ጃን ሜዳ ላይ ሽንኩርት ተራገፈ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ሰው ከሰው የሚጋፋበት ጠባብ ገበያ ስለነበር፣ ሕዝቡ ተራርቆ ይገበያይ ተብሎ ነጋዴው ከነሸቀጡ ወደ ሰፊው ሜዳ ወጣ። ውሳኔውን መውቀስ ይከብዳል፤ በዚያ ወቅት የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያላጣ ከተማ አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ ግን የጭነት መኪና ጎማ ሣሩን አረሰው። የተጣለው ቲማቲምና የጎመን ቅጠል ከጭቃው ጋር ተቦካ። ጥር ሲቃረብ ደግሞ የማይታለፍ ጥያቄ መጣ፦ ታቦታቱ የት ሊያድሩ ነው? ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ፣ ሜዳው ተጠረገ፣ የ2013 ጥምቀትም እዚያው ተከበረ።

የሚገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። በዚያው በ2012 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር፣ ዩኔስኮ ቦጎታ ላይ ተሰብስቦ የኢትዮጵያን ጥምቀት በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በዓሉ በአዲስ አበባ የሚውልበት ዋናው ሜዳ ድንችና ቃሪያ ይመዘንበት ጀመር። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ሜዳው ባዶ ይመስላል፤ ባዶ የሚመስል መሬት ደግሞ ችግር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚል እሱ ነው።

የጃን ሜዳ የወደፊት ዕጣ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚፈራው ግንባታን ነው። ፍርሃቱ አለቦታው አይደለም፤ ሆኖም ሜዳውን እስካሁን ይበልጥ የጎዳው ግንባታ ሳይሆን ትርፍ መሬት ተደርጎ መቆጠሩ ነው። የሚሽከረከር ወንበር የለው፣ ቲኬት ቆራጭ የለው፣ በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ገቢ አስገባሁ» ብሎ የሚያቀርበው ሪፖርት የለው። አዲስ አበባ ግን ገና ብዙ መናፈሻ ሳይኖራት የተጫወተችው፣ የተሽቀዳደመችውና የዘፈነችው እዚህ ነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ሌጋሲዮን በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በስተሰሜን እንጦጦ ቆሟል፤ ወደ ምሥራቅ ከቀበና ወዲያ የየካ ከፍታዎች ይቀጥላሉ። ያ አካባቢ ድሮ የሌጋሲዮኖች ሰፈር ነበር። አፄ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሰፋፊ ይዞታ የሰጡት በዚያ በኩል ነውና የፈረንሳይም የእንግሊዝም ኤምባሲ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። የሌጋሲዮኖቹ ሰዎች ፈረስ ወዳድ ነበሩ፤ የአገሬው መኳንንትም እንዲሁ። ሁለቱ የተገናኙበት ሜዳ ይህ ነበር። አንዱ በአውሮፓ ደንብ እሽቅድምድም ሲያካሂድ፣ ሌላው ጉግስ ይጫወትበት ነበር።

በ1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት የተሰለፈው እዚሁ ነው። የተሸነፉት ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው በሕዝብ ፊት አለፉ። ሰልፉን ከተመለከቱት መካከል የስድስት ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ ነበር፦ በዚያው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው፣ የሌጋሲዮኑ ሹም ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። ኋላ የአፋርን በረሃና የዓረብን ምድረ በዳ በግመል ያቋረጠ ዝነኛ ተጓዥ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም ያ ቀን ዕድሜ ልኩን እንዳልለቀቀው ጽፏል። ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ያደረገ ቦታ ስንቱ ከተማ አለው?

ጨዋታውም ቢሆን ከሰልፉ አያንስም። ልደት በመጣ ቁጥር የገና ጨዋታ አለ። ቆልማማ ዱላ ይያዛል፣ ሩር ትመታለች፣ ጎራ ለይቶ መፋለም ነው። ዳኛ ፊሽካ ከመንፋቱ ይልቅ የቡድኑ ጩኸት ይሰማል። የሹሙና የሎሌው ልዩነት ለአንድ ቀን የሚረሳበት፣ የተሰደበም የተመታም ቂም የማይዝበት ጨዋታ ነበር። ዛሬ የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ ባህላዊ ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር፣ ከጉግስ፣ ከሸርጥ፣ ከትግልና ከገበጣ ጋር፣ ሕግ ወጥቶለት በክልሎች መካከል ይወዳደሩበታል። መልካም ነው። ነገር ግን ገና የሚኖረው በውድድር መርሐ ግብር ብቻ ሳይሆን በሰፈር ልጆች እጅ ነው፤ ለሱ ደግሞ ሰፊና አጥር ያልከለከለው ሜዳ ያስፈልጋል። ሩር በአስፋልት ላይ ሲመታ መስታወት ይሰብራል እንጂ ጨዋታ አይሆንም።

ከዚያ ጥር ይመጣል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወርደው ሜዳው ያድራሉ፤ በማግስቱ ባሕረ ጥምቀቱ ይባረካል፣ ሕዝቡ ይረጫል። የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በ12 ስለሆነ ሰፈሩ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የወጣቶቹን ምንጣፍ ማንጠፍና መጠቅለል፣ የየብሔረሰቡን ጭፈራ፣ የሎሚ ውርወራውን ያየ ሰው፣ ይህ ጸሎት ነው ወይስ ጨዋታ ብሎ ለመለየት ይቸገራል። መለየትም አያስፈልገውም። እምነትና ፌስታ በአንድ ሜዳ ጎን ለጎን መዋላቸው ነው ጃን ሜዳን ከሌላው የከተማዋ አደባባይ የሚለየው።

ሯጮችም አሉ። የጃን ሜዳ ዓለም አቀፍ አገር አቋራጭ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ውድድር ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የምትልካቸው አትሌቶች ሲመረጡበት ኖሯል። በሣር ላይ፣ በብርድ፣ ተመልካቹ ከገመዱ አጠገብ ቆሞ የሯጩን ትንፋሽ እየሰማ የሚያየው ሩጫ ነው። ታዲያ በ2015 ዓ.ም. ለአውስትራሊያው የባተርስት ሻምፒዮና ምርጫ ሲደረግ ውድድሩ የተካሄደው ሱሉልታ ነበር። ስሙ «ጃን ሜዳ» ነው፤ ሩጫው ግን ከእንጦጦ ጀርባ ነበር። ሱሉልታ ለልምምድ የሚስማማ፣ ከፍ ያለና ነፋሻ ቦታ ነው፤ አሠልጣኞች ቢወዱት አይገርምም። ያም ሆኖ አንድ ውድድር ስሙን ሜዳው ላይ ትቶ እግሩን ወደ ሌላ ቦታ ሲያነሳ፣ ሜዳው አንድ ነገር ተነጥቋል።

ከጃን ሜዳ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ ዓለም አለ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ተመርቆ ሲከፈት፣ ለረጅም ጊዜ ባሕር ዛፍ የሸፈነው ተራራ መንገድ፣ ምግብ ቤትና መጫወቻ ገባለት። በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት፣ ትንሿን የእሽቅድምድም መኪና መንዳት፣ ፈረስ መጋለብ፣ ቀስት መወርወር ይቻላል። ይህን ማናናቅ ትክክል አይሆንም። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ከቀማኛ ይጠንቀቅ ይባል የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ አሁን ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ቅዳሜን ያሳልፍበታል። ከዚያ ቀድሞ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ አንድነት ፓርክ፣ ከዚያም ወዳጅነት ፓርክ ተከፍተዋል። ከተማዋ ለመዝናናት ገንዘብ ማውጣት መጀመሯ በራሱ ዜና ነው፤ ለረጅም ጊዜ መናፈሻ ማለት ሠርገኛ ፎቶ የሚነሳበት ሣር ብቻ ነበርና።

ግን ተራራው ላይ የሚከፈለው ዋጋና ጃን ሜዳ ላይ የማይከፈለው ዋጋ አንድ ሂሳብ አይደሉም። ከቀበና ወይም ከፈረንሳይ ሰፈር አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ እንጦጦ ወጥቶ፣ የታክሲውን፣ የምሳውንና የእያንዳንዱን መጫወቻ ቆጥሮ ሲመለስ፣ የሚቀጥለው ጉዞ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ጃን ሜዳ ግን ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ነው። የካ ውስጥ የሰፈር ሜዳዎች አንድ በአንድ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ሕንፃ ሲቀየሩ፣ ድንጋይ ደርድሮ ጎል የሚሠራው ልጅ የቀረችለት አማራጭ ጥቂት ናት። ፓርክ ልጁን ተመልካችና ደንበኛ ያደርገዋል፤ ሜዳ ግን ጨዋታውን ራሱ እንዲፈጥር ይተወዋል።

በሜዳው አቅራቢያ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተቋቋመ ነው፤ ዘሩ የተጀመረው በሰባት አንበሶች፣ በአምስት ወንዶችና በሁለት ሴቶች፣ እንደሆነ ይነገራል። አንበሳ በቅርብ ሲያገሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት እዚያ የሆኑ ስንት የአዲስ አበባ ልጆች አሉ! በ1999 ዓ.ም. ግን የግቢው ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪል እንደተናገሩት፣ ቦታና ገንዘብ ስለጠፋ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ቆዳቸውም እንስሳ አድርቀው ለሚያቆሙ ባለሙያዎች ይሸጥ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የዮርክ ዩኒቨርሲቲና የላይፕዚጉ ማክስ ፕላንክ ተመራማሪዎች ከግቢው አሥራ አምስት አንበሶች የዘር ናሙና መርምረው፣ እነዚህ ጥቁር ጎፈራም አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘራቸው የተለዩ መሆናቸውን አሳተሙ። ሳይንስ ብርቅ መሆናቸውን ሳይናገር በፊት በጀት ደቦሎቹን ትርፍ አድርጓቸው ነበር። ግቢው ወደ ሰፊ ቦታ ይዛወራል ሲባልም ብዙ ዓመት ኖሯል። ነገ የሚነሳ ለተባለ ግቢ ዛሬ አዲስ አጥር የሚሠራለት አይገኝም፤ ጃን ሜዳም ከዚህ ዕጣ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። «ሊታደስ ነው» የተባለ ሜዳ እስኪታደስ ድረስ ሣሩን የሚያጠጣ ላያገኝ ይችላል።

የተሻለ ዕጣ የገጠመውም አለ፦ በርሊን ውስጥ ተምፐልሆፍ የሚባል የቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘጋና በ2010 መንደርደሪያው ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሰዉ ብስክሌት ይነዳበታል፣ ሥጋ ይጠብስበታል፣ ወፍም ትፈለፍልበታለች። የከተማዋ አስተዳደር ዳር ዳሩን ቤት ልሥራበት ሲል፣ የቤት እጥረት ያለበት የበርሊን ሕዝብ በ2014 ድምፅ ሰጥቶ ሜዳው ባዶውን እንዲቆይ ወሰነ፤ ውሳኔውም ሕግ ሆነ። አዲስ አበባና በርሊን አንድ አይደሉም፤ እዚህ የመሬት ጥያቄ የባሰ ነው። ሆኖም «ባዶ» የሚለው በካርታ ላይ የአንድ ጥቅም ስም ሊሆን እንደሚችል የበርሊን ሰዎች አሳይተዋል። ጃን ሜዳም እንዲህ ያለ ወረቀት ይገባዋል፦ ገበያም፣ መኪና ማቆሚያም፣ የግንባታ ዕቃ ማከማቻም እንዳይሆን፣ በችግር ቀንም ቢሆን ማን ለስንት ቀን እንደሚጠቀምበትና በምን ሁኔታ እንደሚያስረክብ የሚደነግግ።

ይህ ማለት ሜዳው እንደ ሙዚየም ይቆለፍ ማለት አይደለም። ዛሬ የከተማዋን ዓይን የሚስበው የኮሪደር ልማት ነው፤ ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ መልኩ ተቀይሯል። ያ እጅ ጃን ሜዳ ላይ ሲያርፍ የሚያሰጋው ማሳመሩ ሳይሆን ማብዛቱ ነው፦ የድንጋይ ንጣፍ፣ ፏፏቴ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ካፌ፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ ቲኬት። ለጥምቀት እዚያ የሚያድር ሰው ንጣፍ አይፈልግም፤ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። ፈረስ በንጣፍ ላይ አይጋልብም። አገር አቋራጭ ሯጭም የሚሮጠው በሣርና በአፈር ላይ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ በአብዛኛው ከመሬት በታች ያለና ለምረቃ ሪባን የማይመች ነው። የክረምቱ ውኃ ከእንጦጦ ወደ ቀበና ሲወርድ ሜዳው ላይ እንዳይተኛ ጥሩ ቦይ፣ በበጋ የሚጠጣ ሣር፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ የሚሠሩ መጸዳጃ ቤቶች። ከዚያ የዓመቱ መርሐ ግብር ይመጣል። ለቤተ ክርስቲያን ጥር፣ ለገና ተጫዋቾች ታኅሣሥ፣ ለሰፈር ቡድኖች ከሰዓት በኋላው፣ ለፈረሰኞች የራሳቸው ጧት። እነዚህን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ የሚያስማማ፣ ስልኩ የሚነሳ አንድ ቢሮ በቂ ነው። የመጀመሪያ ፈተናው ደግሞ ቀላል ይሆናል፦ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሰዎች መለኪያቸውን ይዘው መጥተው፣ ዙሩን ለክተው፣ የሚቀጥለው «ጃን ሜዳ» ጃን ሜዳ ላይ መሮጥ ይችል እንደሆነ ይንገሩን።